ጥጃ ያስጾምንበት ሁዳዴ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ኃይለጊዮርጊስ፣ ደብረ ብርሃን።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ ዘንድሮ ዳገቱን አስወጣህ ወይስ እንደ አምናው በየድንጋዩ ላይ እያረፍክ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው? እትዬ ተሾመችስ እንዴት ናት? ሳልዋ ለቀቃት? ሳራና ፍሬአብስ እንዴት ናቸው? በዓሉን እንዴት ዋላችሁ? በጉስ ሰባ ያለ ነበር ወይስ እንደ ልማድህ ርካሽ ብለህ ቀንድና አጥንት ገዝተህ መጣህ? የእኔን ከጠየቅኸኝ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እበላለሁ። ልጄ ጽጌሬዳም ደህና ናት፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። እማማ በየነችም አሉ። ከዚህ በላይ ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ስለሚሆንብኝ ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታውና ወደ ነገሬ ልግባ።

ደብዳቤህ በሆሳዕና ዋዜማ ደርሶኛል። የወዳጅህ የጭነት መኪና ለግንቦት ልደታ ሰሞን ቴፒ ቡና ሊጭን ሲወርድ አብረኸው መጥተህ እኔንና ጽጌሬዳን ከነዕቃችን ልትወስደን እንዳሰብክ፣ የጓሮውን ክፍልም ኖራ እንዳስቀባህልን ጽፈሃል። አማቴን እማማ በየነችን ደግሞ ማሻ ያለችው ልጃቸው ትውሰዳቸው ብለሃል። አንብቤ አጠፍኩት፣ ደግሞ ከፍቼ አነበብኩት። እውነቴን ነው የምልህ፣ ያን ክፍል ሳስበው እንቅልፌ ነው የመጣው። እዚያ ደረቅ ብርድ ውስጥ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ላም ሳትጮህብኝ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ መተኛት። ሌላ ምንም አላማረኝም።

በገና ሰሞን የጻፍኩልህንም አልረሳሁትም። ይርዳው ካረፈ ወዲህ አንተ ነይ ትለኛለህ፣ እኔ ቆይ እልሃለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ስንት ጊዜ ሆነን። ባሌ ትቶልኝ የሄደው ሀብት ያቺ በሹፌርነቱ ዘመን ከጅማ በመኪናው ጭኖ ያመጣት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ናት፤ ጅማነሽ ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። የመምህር ደመወዜ ወሩ ሳያልቅ ሲያልቅብኝ ቤቱን የሚደግፈው የእሷ ወተት ነበር። ግን ጅማነሽ አረጀች። ከወለደቻቸው ወይፈኖች አንዱን ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታ ገደለው፣ አንዱ ገና ሲወለድ ቀረ። እንግዲህ አሁን ያረገዘችው እንስት ሆና ካደገችልኝ የጅማነሽን ቦታ ትተካልኛለች፣ እዚሁ እቆያለሁ፤ ካልሆነ ግን ከፋሲካ በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁህ። ከጀርባቸው መማከር ነውር መስሎኝ ይህንኑ ለእማማም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ደግ፣ ቃል ከሰጠሽማ ሰጥተሻል አሉኝ።

ጅማነሽ በቅበላው ሳምንት ወለደች። እንስት! ጽጌሬዳ ከበረት እየሮጠች መጥታ ሴት ናት፣ ሴት ናት ስትል ሰፈሩ ሰው የተወለደልን ነው የመሰለው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር ጥጃ ነበረች፤ ቡሪት አልናት። ለከብት ስም ማውጣት ቅብጠት ነው የሚሉት እማማ እንኳ ማንም የሌለ መስሏቸው ቡሪት፣ ቡሪቴ ሲሏት ሰማኋቸው። እንገሩን ጠግባ ጠባች። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ግቢውን ስትዞረው እያየሁ፣ ጋሼ የሚጠብቀኝ በከንቱ ነው ብዬ ለብቻዬ ስቄ ነበር። አይ ሳቅ!

ከዚያ የጅማነሽ ጡት አበጠ። እጅ አላስነካ አለች። መርፌ ተወጋች፣ በሙቅ ውኃ አሸንላት፣ ሁለቱ ጡቶቿ ግን ደርቀው ቀሩ፤ ከቀሩት ከሁለቱ የሚወጣውም ጥጃዋን እስከ ቀትር የማያደርስ ሆነ። ወተት ልግዛ ብል ደግሞ ማን ይሸጥልኛል? አንተም ታውቀዋለህ፣ ሁዳዴ ከገባ ባለ ላም ሁሉ ወተቱን እያጠራቀመ ይንጥና ቅቤውን ለፋሲካ ያስቀምጣል። የተረፈውን አሬራ ግን የሚፈልገው የለም። ጎረቤታችን ለተብርሃን፣ ሁለት ላም አላት፣ ለጥጃሽ ይሁን እያለች ጠዋት ጠዋት አሬራውን በባልዲ በአጥር ታቀብለኝ ጀመር። እግዜር ይስጣት፤ እሷ ባትኖር ቡሪት ያንን ሰሞን እንኳ አትሻገረውም ነበር።

ቡሪት አሬራውን ትጠጣለች፣ ሆዷም ይነፋል፣ ሥጋ ግን አልያዝላት አለ። ጎኗ ገባ፣ ጠጉሯ ቆመ። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ እንደ እናንተ አይደለም፤ መጋቢት ከገባ ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚውለው። በረት ውስጥ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። በመጨረሻ የእንስሳት ባለሙያውን ሙሴን ጠራሁት። የዚሁ አገር፣ የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ ነው፤ አማርኛውን እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ጭቃ አይጸየፍም። አገላብጦ አያትና ምን እንደማጠጣት ጠየቀኝ። ስነግረው፣ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፣ ይህ እኮ ቅባቱ የወጣለት ወተት ነው፣ ሆዷን ይሞላታል እንጂ ብርዱን የምትችልበት ጉልበት አይሰጣትም አለኝ። አሬራውን ለብ አድርጌ፣ ጥቂት ለጋ ቅቤ አቅልጬ፣ ቅቤው ከላይ እስካይታይ ድረስ መትቼ እንድሰጣት አሳየኝ። ሲበዛ እንደሚያስቀምጣት፣ ስለዚህ በትንሹ ጀምሬ ቀስ በቀስ እንድጨምር ነገረኝ። እንዳለው አደረግሁ። በሳምንቱ ጠጉሯ ተኛ። ዓይኗ በራ። እንዲያውም አንድ ቀን ከኋላዬ መጥታ በግንባሯ ስትገፋኝ ጭቃው ላይ ልትዘረጋኝ ነበር፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አሁን ስለ እማማ ልንገርህ፤ አንተ የምታውቃቸው በሠርጌና በይርዳው ቀብር ጊዜ ብቻ ነው። በሁዳዴ የእማማ ማድቤት ገዳም ነው በለው። የቅበላው ማግስት ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ማንኪያውም በአመድ ታሽቶ ይታጠባል፤ ቅቤ የነካው ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ይወጣል። የሽሮ ድስታቸው የብቻቸው ነው፤ እኔን እንኳ አያስነኩኝም። በየዓመቱ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ያከፍላሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው! እኔ ይህን ስለማውቅ ለቡሪት ቅቤውን የማቀልጠው በጣሳ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ በከሰል ማንደጃ ነበር። ለፋሲካው ዶሮ ብዬ በቅል ያስቀመጥኩት ለጋ ቅቤ ነው እንግዲህ፤ ዶሮው ይቅርብን ብዬ ቆርጬ ነበር። የጠዋቱን እኔ አጠጣለሁ። የቀኑን ግን፣ ትምህርት ቤታችን መምህር ጎድሎበት ሁለቱንም ፈረቃ ስለማስተምር፣ ለእማማ አደራ አልኳቸው። የጣሳውን ቅቤ አየት አድርገው ፊታቸውን መለስ አደረጉና እሺ አሉኝ። ያንን ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ዝናቡ የበረቱን ጣሪያ አፈሰሰው፤ ከሰሉ እየረጠበ አልያያዝ አለ፤ ማንደጃውን ወደ ማድቤት አስገባሁት። እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትም አንቺ ሂጂ፣ እኔ አጠጣታለሁ አሉኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም ተጨማሪ እንቅልፍ አገኘሁ ብዬ መረቅኳቸው። ከጭቃ መጥቼ ወደ ጭቃ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ማታ የተማሪ ደብተር አርሜ እንደ ግንድ እወድቃለሁ። ከዚያ ወዲያ በረት የምገባው ከመሸ ነው።

ቡሪት ግን እንደገና አሽቆለቆለች። እበቷ ቀጠነ፣ መልኩ አመድ መሰለ፣ ላዩ ያብለጨልጫል። የጭራዋ ሥር ጠጉር ይረግፍ ጀመር። ሙሴ ሲበዛ ያስቀምጣታል ያለው ትዝ አለኝና ቅቤው በዝቶባት ነው፣ ይቀንሱላት አልኳቸው። በማግስቱ ቀንሻለሁ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቀንሰው ነበር። ተቅማጡ ግን አልቆመም።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ሙሴ መጣ። ቡሪትን ካየ በኋላ ባልዲውን አንሥቶ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው። ቅቤ ቢሆን ኖሮ ሲቀዘቅዝ እዚህ ላይ ይረጋ ነበር፣ ይህ ግን አሁንም እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ምንድን ነው የምትሰጧት ብሎ ጠየቀኝ። ቅቤ ነዋ አልኩት። እኔስ ዘይት ይመስለኛል አለኝ። ቁጣዬን ታውቀው የለ፣ ጽጌሬዳ ትሙት ቅቤ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ ዓይኑ እያየ ላሳፍረው ብዬ ከቆጡ ላይ የቅቤውን ቅል አወረድኩ። ስከፍተው እኔ ለመጨረሻ ጊዜ በማንኪያ የጫርኩበት ቦታ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም።

እማማ የማድቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። አልደበቁም፣ አልተርበተበቱም። የኑግ ዘይት ነው የምሰጣት አሉ። በጾም ድስት አጠገብ ቅቤ ሲንጨረጨር እያሸተትኩ አልጾምም፤ ቅባት ነው የጎደላት ከተባለ ዘይትም ቅባት ነው፤ የነነዌ ሰዎችስ ከብቶቻቸውን ሳይቀር አስጹመው አይደል እንዴ እግዚአብሔር የማራቸው አሉ። ወይ ጉድ! ጋሼ፣ ጥጃችን ሁዳዴን ስትጾም ነው የከረመችው። ሙሴ ባልዲውን አስቀመጠና፣ እማማ፣ የትንሽ ጥጃ አንጀት ፈሳሽ ዘይት አይችልም፤ በወተት ውስጥ ያለው ቅባት ይስማማታል፣ የኑጉ ግን እንዲሁ አንጀቷን አጥቧት ይወጣል አላቸው። ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዘይት አትስጡ ብዬ መናገር ነበረብኝ፣ ጭራሽ አልመጣልኝም አለ። ለማንስ ይመጣለታል?

ጮህኩባቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር፤ ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ ተቃቅፈን ነው ያለቀስን። የዚያን ቀን ግን አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። ይህች ጥጃ ከሞተች እኔ ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ማሻ ደጅ የሚጠኑት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። የልጃቸው ባል እንደማይፈልጋቸው እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኩት። ጽጌሬዳ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። እማማ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ገቡ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁ። ሙሴ እንዳዘዘኝ በጥብጬ፣ አሙቄ፣ ቅቤውንም በጣም ጥቂት ጠብ አድርጌ ሞከርኩ። ባልዲውን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። በጠርሙስ ልስጣት ስል በአፏ ጥግ ይፈሳል። ወገቤ ተቆረጠ። እማማ ሁለቱንም ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ፤ ሲመለሱም ወደ እኔ አይመጡም፣ እኔም ወደ እሳቸው አልሄድኩም።

ሐሙስ ግን ፈተና ስለነበረ መቅረት አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጉልባን የሚቀቀልበት ሰዓት ነው፤ ማድቤቱ ግን እሳት አልነበረበትም። በረት ስገባ እማማ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። የቡሪት ራስ ጭናቸው ላይ ነው። አጠገባቸው ያለው ያ የሽሮ ድስታቸው ነው፤ ውስጡ ከጅማነሽ የታለበ ትንሽ ወተትና ቅቤ አለ። ጣታቸውን ነክረው ከንፈራቸው ላይ ያስነኩና፣ ለሕፃን የወተት ሙቀት እንደሚለኩት፣ ቀመስ አድርገው ቡሪትን ጣታቸውን ያጠቧታል። እንደገና ይነክራሉ፣ እንደገና ይቀምሳሉ። በጸሎተ ሐሙስ፣ ጋሼ! ከልጅነታቸው ጀምሮ በሁዳዴ ቅቤ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሴት። ቡሪትም ትጠባለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣታቸውን እየሳበች ትጠባለች። እማማ፣ ተዉት እኔ ልያዝ አልኳቸው። እጅሽ ይቀዘቅዛል፣ አትወድልሽም አሉኝ። ባልዲውን ገልብጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

አርብ ስቅለት ነው፤ አገር ምድሩ ለስግደት ወጣ። እማማ አልሄዱም። ቅቤ በቀመሰ አፍ ምን ብዬ እቆማለሁ አሉ። ቀኑን ሙሉ በረት ዋሉ። አመሻሽ ላይ ጽጌሬዳ ጠራችኝ፤ ቡሪት በአራት እግሯ ቆማለች! እግሮቿ ይብረከረካሉ፣ ግን ቆማለች፤ ሁለት ሦስት እርምጃም ወደ እናቷ ሄደች። እማማ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ እያሉ ጀርባዋን በቅጠል ያሹላታል። እኔም እንግዲህ ጋሼን አትምጣ ብዬ ልጽፍለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለሁለታችንም እንዲህ ያለ ፋሲካ ተመኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተች። ምንም አላስቸገረችም፤ ተኝታ ሳለ አንገቷን ዘርግታ ቀረች። እማማ እጃቸው አፏ ውስጥ እንደሆነ መጥባቷን ማቆሟን ነው ያወቁት። የደብሩ ሰዎች ቄጤማ ሊሰጡ እየዘመሩ ግቢያችን ሲገቡ እኛ ሬሳዋን በጆንያ እየሸፈንን ነበር። ቄጤማውን እንደ ደንቡ ግንባሬ ላይ አሰርኩ፤ እማማ ግን ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ሙሴ መጥቶ ከእንሰቱ ሥር ጉድጓድ ቆፈረልን፤ በዓመት በዓል ዋዜማ ጥጃ የሚቀብር ባለሙያ ዕድሜ ይስጠው። ቆይቼ ለብቻው፣ የገደላት ዘይቱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አጎሳቁሏታል፣ እንደዚያ ማለት ግን አልችልም፤ የእናቷ ወተት ከጠፋ ጀምሮ ቀጭን ክር ላይ ነበረች፣ ቅቤውንም ሳታቋርጥ ብታገኝ እርግጠኛ ሆኜ ትተርፍ ነበር አልልም አለኝ። ይህን እንዳለ ለእማማ ነገርኳቸው። ልታጽናኚኝ ነው አሉኝ።

እኔን የጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትንሣኤ ሌሊት ሁሉም ሰው ሲገድፍ እማማ አልበላም አሉ። በማግስቱም አልበላም። የንስሐ አባታቸውን አስጠራሁ። መጥተው አናገሯቸው፣ ፈቷቸውም፤ እግዜር የምሕረት አምላክ ነው፣ ለእንስሳ ብለሽ ያደረግሽውን እሱ ያውቀዋል፣ አሁን ብዪ አሏቸው። እማማም፣ አባቴ፣ እኔ ስለ ጾሙ መቼ አስቤ፣ የሰው ልጅ ከቤቷ አስወጥቼ እንዴት እህል ይወርድልኛል ብለው መለሱላቸው። በጽጌሬዳ ልመና ገንፎ ፈሰስ ተደርጎላቸው ፉት ይላሉ፤ ያው ነው። የቀለበት ጣታቸው ቀጥኖ ቀለበቱ ስለወለቀ በክር አንገታቸው ላይ አስረውታል።

ደግሞ ይህን ስማኝ። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ልብሴን በሙሉ አጥበው፣ አጥፈው፣ በይርዳው ሻንጣ ውስጥ ከተውት አገኘሁ። የጽጌሬዳንም ለይተው አስረዋል። ለመንገድ ብለው በሶ እንኳ ሳይቀር ፈጭተዋል፤ እሳቸው የማይቀምሱትን! ምንድን ነው ይሄ እማማ ብላቸው፣ ለወንድምሽ ቃል ሰጥተሻል፣ ጥጃዋ ሞታለች፣ ሰው ቃሉን ይጠብቃል፣ እኔ እንደሆን ማሻ እሄዳለሁ አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ የነገን ዝናብ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉኝ። ሻንጣውን ፈታሁት። ትናንት ስመለስ እንደገና ታስሯል። ዛሬ ጠዋት ፈትቼው ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍልህ ከወዲያ ክፍል ገመዱ ሲጎተት ይሰማኛል።

ጋሼ፣ ደክሞኛል። ይህን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ዝናቡ ደክሞኛል፣ ጭቃው ደክሞኛል፣ ከልጅ ጋር ጮሄ ቤቴ ስመለስ የሚጠብቀኝ ባልዲ ደክሞኛል። መምጣት አልፈልግም ብዬ አልዋሽህም። እፈልጋለሁ። አልመጣም እንጂ። ቃሌን በላች በለኝ፤ ልክ ነህ፣ በላሁት። ስለ አንዲት ጥጃ ብለው በሕማማት ቅቤ የቀመሱትን ሴት፣ በእኔ ጩኸት ምክንያት የሰው ደጅ ሲጠኑ እያየሁ ያንተ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይዘሻቸው ነይ ትለኝ ይሆናል፤ ጠይቄያቸው ነበር፣ የልጄን መቃብር ትቼ የትም አልሄድም፣ ማሻ ቢሆን ለተዝካሩ በእግሬም እደርሳለሁ አሉኝ። እንግዲህ ምን ቀረኝ? በምን ትኖሪያለሽ ብትለኝ፣ ሙሴ፣ ጅማነሽን ሸጠሽ አንዲት የሸኮ ላም ያዢ፣ ወተቷ ትንሽ ቢሆንም ገንዲውን ትችለዋለች ይለኛል። እናያለን። ኖራ ያስቀባኸውን ክፍል ለሳራ ስጣት፤ የምታጠናበት ስትፈልግ አልነበር? አንተ ግን ከመኪናው ጋር መምጣትህን አትተው፤ እኔን ለመውሰድ ሳይሆን እንግዳ ሆነህ ና፣ ሁለት ቀን እደር፣ እማማ እንግዳ ሲበላ አብረው ይበሉ ይሆናል።

እትዬ ተሾመችን ጉንጯን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ በርበሬ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ በላት። ሳራን አክስትሽ በጽሑፍሽ ማማር ኮርታለች በላት። ፍሬአብን ጆሮውን ቆንጥጥልኝ፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። የእናታችን መቃብር ሳር ቢበዛበት አንተው ንቀልልኝ። ጽጌሬዳ ሁላችሁንም እጅ ትነሣለች፤ እሷም ልትጽፍ ነው፣ ኩርፊያዋን አንብባችሁ አትሳቁባት። ጎረቤቶቼም ያንን ረጅም ወንድምሽን ሰላም በይልን ብለውኛል።

እማማ ደግሞ አሁን ገብተው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ለኃይለጊዮርጊስ፣ ስትሰጠን እንደነበረችው እህትህን በደህና መልሼልሃለሁ፣ ልጄ ከሞተም በኋላ እንደ ወለድኳት ነው የያዝኳት፣ ብለሽ ጻፊልኝ አሉኝ። እንዳሉት ጽፌልሃለሁ። አሁን ይህን ላሽገውና ሄጄ ሻንጣውን ልፍታ።

እህትህ ወርቅአፈራሁ
ሚዛን ተፈሪ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1990 ዓ.ም.